የመድኃኒት ኬሚስት ተጽዕኖ በምን ይለካል? ጌርትሩድ ኤሊየንን መርጬ ቡድኔ አልተስማማም

የሐይቁ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሐዋሳ ነው፣ የኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን በቡድን ሆነን አንድ የመድኃኒት ኬሚስት እንድንመርጥ ነግረውናል። የሰውየውን የምርምር ሕይወትና በሙያው ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ በ15 ደቂቃ ማቅረብ አለብን።

እኔ ጌርትሩድ ኤሊየንን መረጥኩ። ምክንያቴ አባቴ ነው። ሪህ አለበት። ሲነሳበት የእግሩ አውራ ጣት ቀልቶ ያብጣል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው አይችልም። ሌሊት ሽንት ቤት ልሄድ ስነሳ ሳሎን ውስጥ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ መብራት ሳያበራ፣ እኛን ላለመቀስቀስ ጥርሱን ነክሶ ቁጭ ብሎ ያገኘሁት ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም። አሎፑሪኖል ከጀመረ ወዲህ ግን እሱ ነገር ቀርቷል ማለት ይቻላል። ይሄን ኪኒን ማን ሠራው ብዬ ስፈልግ ነው እሷን ያገኘኋት።

ቡድኔ ግን አልተዋጠለትም። አንዱ «ፒኤችዲ እንኳ የላትም» አለኝ። ሌላው ስልኩን አውጥቶ የዛሬ ዘመን ፕሮፌሰሮችን ኤች ኢንዴክስ (የጽሑፋቸውን ብዛትና ሌሎች ስንቴ እንደጠቀሱት፣ ሳይቴሽን የሚባለውን፣ አጣምሮ የሚለካ ቁጥር) እያሳየኝ «በሳይቴሽን ከሄድን ከእሷ የሚበልጥ ስንት ሰው አለ» አለ። ትናንት ፍቅር ሐይቅ ቁጭ ብለን እስኪመሽ ተከራከርን፣ ሳንስማማ ተለያየን።

ስለዚህ ጥያቄዬ የመድኃኒት ኬሚስት ተጽዕኖ በምን ይለካል ነው። በጽሑፍ ብዛት ነው? በሳይቴሽን ነው? ወይስ ባወጣው መድኃኒት? ሌላም አለኝ፣ ይሄኛው የራሴ ነው። እዚህ ሆኖ፣ በእኛ ላብ፣ የመድኃኒት ኬሚስት መሆን ይቻላል? ያለፈው ሴሚስተር አንድ ሪአጀንት (ለሙከራ የሚገባ ኬሚካል) ስላልነበረ ሁለት ልምምድ በወረቀት ብቻ ነው ያለፍነው። ልቤ እዚህ ሙያ ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የምጠይቀው።


ፋርማሲስቷ

መናኸሪያ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ ስሠራ 9 ዓመት ሆነኝ። ጥያቄህን ጠዋት ገና በሩን ሳልከፍት አነበብኩት። ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ ያደረኩት መደርደሪያውን ማየት ነው።

የአባትህ አሎፑሪኖል አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ አሲክሎቪር የሚባለው የእነኤሊየን የቫይረስ መድኃኒት አለ፣ ኪኒኑም ቅባቱም። ባክቴሪያን የሚዋጋው ባክትሪም አለ፣ ኮትሪሞክሳዞል የምንለው። ውስጡ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ትራይሜቶፕሪም ነው፣ እሱም ኤሊየንና አለቃዋ ጆርጅ ሂቺንግስ ከሚሠሩበት ላብ የወጣ ነው። ታላላቆቻችንን ብትጠይቅ ደግሞ ከኮአርተም በፊት ለወባ የሚሰጠውን ፋንሲዳር ያስታውሱሃል፣ ሦስት ፍሬ በአንዴ ተውጦ የሚያበቃውን። ፋንሲዳር ውስጥ ካሉት ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ፓይሪሜታሚን ነው። እሱም ከዚያው ላብ ነው። ሐዋሳ ላይ ያደገ ሰው ወባ ምን እንደሆነ አይነገረውም።

ስለ አሲክሎቪር አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት መጡ። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸዋል። ከጀርባቸው ተነስቶ በአንድ ጎን ብቻ እየዞረ ደረታቸው ድረስ የደረሰ፣ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ። ሰፈር ውስጥ የሆነ ነገር ቀብተውላቸዋል፣ ቆዳው ተላልጧል። መቼ ጀመረዎት ስላቸው «ከትናንት ወዲያ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም አሲክሎቪር በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። ያኔውኑ ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ጋ ላክኋቸው፣ ማዘዣ ይዘው ተመለሱ። 800 ሚሊ ግራም፣ በቀን አምስቴ፣ ለ7 ቀን። በሳምንቱ ደርቆ አሳዩኝ።

እኔ ያኔ የጌርትሩድ ኤሊየንን ስም አላውቅም ነበር። እሳቸውም አያውቁም። ሳይቴሽን ውስጥ የማይገባው እንዲህ ያለው ነው።

አንድ ሌላ ላክልልህ፣ ለፕሬዘንቴሽን ይጠቅምሃል። ኩላሊት የተነቀለለት፣ ማለቴ ንቅለ ተከላ ያደረገ ሰው አዛታዮፕሪን ሊወስድ ይችላል፣ ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳይዋጋ። አንድ ደንበኛዬ እሱን እየወሰደ ለሪህ ደግሞ ሌላ ቦታ አሎፑሪኖል ታዘዘለት። ማዘዣውን ሳይ ደነገጥኩ። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ አዛታዮፕሪኑ ሳይሰባበር ደም ውስጥ ይከማችና የአጥንት መቅኔን ይጎዳል። ወይ አብረው አይሰጡም፣ ወይ አዛታዮፕሪኑ ወደ ሩብ ገደማ መውረድ አለበት። ስልክ ደወልኩ፣ ተስተካከለ። ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ሁለቱም መድኃኒቶች የአንድ ላብ ልጆች መሆናቸውን አየሁ። ለምን እንደሚጋጩ ኬሚስቶቹ ቢያስረዱህ ይሻላል።


የላብ ሰው

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ ማስተርሴን የሠራሁት በመድኃኒት ኬሚስትሪ ነው። እህታችን የተወችውን ልቀጥል።

አሎፑሪኖል መጀመሪያ ለሪህ አልተሠራም። ኤሊየን በ1951 (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሜርካፕቶፑሪን የሚባል የደም ካንሰር መድኃኒት አግኝታ ነበር። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይሰባበራል። የሚሰባብረው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እነሱም ይሄን ኢንዛይም የሚዘጋ ነገር ብንሰጥስ ብለው አሎፑሪኖልን ሞከሩ። ይሄው ኢንዛይም ደግሞ ዩሪክ አሲድንም የሚሠራ ነው፣ አባትህን ሌሊት የሚያስቀምጠውን። ኢንዛይሙ ሲዘጋ ዩሪክ አሲዱ ወረደ። በ1966 ለሪህ ተፈቀደ። አዛታዮፕሪን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ወደ ሜርካፕቶፑሪን ነው የሚቀየረው፣ ስለዚህ ፋርማሲስቷ ያየችው ግጭት መጀመሪያ ሆን ብለው የፈለጉት ነገር ነበር።

የተጽዕኖው ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ውስጥ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ብዙ መድኃኒት የሚገኘው ያገኙትን ሁሉ በመሞከር ነበር። ሂቺንግስና ኤሊየን ግን የተነሱት ከጥያቄ ነው። የሚባዛ ነገር ሁሉ ኑክሊክ አሲድ (ዲኤንኤና አርኤንኤ) መሥራት አለበት። ካንሰር፣ ባክቴሪያ፣ የወባ ተውሳክ፣ ቫይረስ፣ ሁሉም። ግን ሁሉም አሠራራቸው አንድ ነው? ልዩነት ካለ፣ ልዩነቱ ላይ ብቻ የሚመታ ሞለኪውል መሥራት አይቻልም?

ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር አስብ። ከብሎኬቶቹ መሐል አንዱን መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ግን ላዩ ላይ ሌላ ብሎኬት የማይቀመጥበት አድርገህ ብትቀላቅልበት፣ ግንበኛው ሳያውቅ ያስቀምጠዋል፣ ግንቡ እዚያ ላይ ይቆማል። አሲክሎቪር እንዲያ ነው። የስኳሩ ቀለበት ጎድሏል፣ ቀጣዩ የዲኤንኤ ፊደል የሚያያዝበት ቦታ የለውም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። አሲክሎቪር እንዳለ ሲገባ አይሠራም። መጀመሪያ የሚያነቃው የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ነው። ቫይረስ የሌለበት ሕዋስ ውስጥ ዝም ብሎ ተኝቶ ይወጣል። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው ቫይረስን የሚገድል ነገር ሰውንም ይገድላል ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። እንደማይገድል በተግባር ያሳየው ይሄ መድኃኒት ነው።

ሜርካፕቶፑሪን ላይ ያደረገችው ደግሞ ስታየው ቀላል ነው፣ በሞለኪውሉ ላይ ኦክስጅን በነበረበት ቦታ ሰልፈር አስገባች። አንድ አተም። በወራት ውስጥ ይሞቱ የነበሩ ሕፃናት ለጊዜውም ቢሆን እፎይ አሉ፣ ዛሬም ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተደምሮ ይሰጣል። በ1953 ተፈቀደ። የዲኤንኤ ቅርጽ የታወቀው በዚያው በ1953 ነው። እሷ ሥራውን ስትጀምር ኑክሊክ አሲድ ምን እንደሚመስል በደንብ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1988 ኖቤል ሲሰጣቸው የተሰጣቸው ለአንድ መድኃኒት አይደለም። ሽልማቱ ለመድኃኒት ሕክምና ጠቃሚ የሆኑ መርሆዎችን በማግኘታቸው ነው የሚለው። ከጄምስ ብላክ ጋር ነው የተካፈሉት። ፕሬዘንቴሽንህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ማስመር ካለብህ መርሆ የሚለውን አስምር። ሌላ ሰው በእሷ መንገድ ሄዶ እሷ ያላሰበችው ቦታ ይደርሳል። ኤሊየን ጡረታ የወጣችው በ1983 ነው። ከዚያ በኋላ የቀድሞ ባልደረቦቿ ኤዜድቲን ለኤችአይቪ አደረሱት፣ በ1987 ተፈቀደ። ያ መድኃኒት እዚህ አገር ስንት እናት ልጇን ከቫይረሱ ነፃ አድርጋ እንድትወልድ እንደረዳ አስቡት።

ፒኤችዲ የላትም ያለው ልጅ ታሪኩን ይስማ። በ1937 በ19 ዓመቷ በኬሚስትሪ ተመረቀች። ብር የለም፣ አባቷ ንብረቱን በ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ አጥቷል። ያመለከተችባቸው ዩኒቨርሲቲዎች ድጋፍ አልሰጧትም። ላብ ውስጥ ሴት አንፈልግም ተባለች። ነርሶችን አስተማረች፣ አንድ ኬሚስት ጋ ያለ ደመወዝ ሠራች። ማስተርሷን ቀን እያስተማረች ማታና ቅዳሜና እሁድ ላብ እየገባች በ1941 ጨረሰች። ከዚያ የምግብ ድርጅት ውስጥ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ኪያር ምን ያህል እንደሚኮመጥጥ፣ ማዮኔዝ የሚገባበት የእንቁላል አስኳል ቀለሙ ምን እንደሚመስል ስትለካ ቆየች። ልታገባው የነበረው እጮኛዋ በዚያው በ1941 በልብ ኢንፌክሽን ሞተ፣ ፔኒሲሊን ጥቂት ዓመት ቢቀድም ኖሮ የሚድንበት በሽታ ነው። አላገባችም። በ1944 ወንዶቹ ጦርነት ሲሄዱ በሩ ተከፈተላትና ሂቺንግስ ጋ ገባች። ፒኤችዲዋን በማታ ጀምራ ነበር። ሁለት ዓመት እንደተማረች ሥራሽን ትተሽ ሙሉ ቀን ካልተማርሽ አይሆንም አሏት። ሥራዋን መረጠች። በኋላ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው የክብር ዶክትሬት እየሰጧት መጡ።


ካልኩሌተር

የኤች ኢንዴክሱ ልጅ እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ሊንኩን ላከልኝ፣ አንብቤዋለሁ። የሐቄን ልናገር። ሴትዮዋን ማሳነስ አይደለም የፈለኩት። እኛ ሥራ ስንፈልግም፣ ስኮላርሺፕ ስንሞላም የሚጠየቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ቁጥር ማየት ስህተት ነው ብዬ አላምንም።

ሌላም አለኝ። ብቻዋን ነው እንዴ የሠራችው? አሲክሎቪርን መጀመሪያ የሠራው ሃዋርድ ሼፈር የሚባል ኤሊየን የምትሠራበት የመድኃኒት ድርጅት ኬሚስት ነው። ኤዜድቲን በ1964 የሠራው ጀሮም ሆርዊትዝ ነው፣ ለካንሰር ብሎ፣ ሳይሠራለት ቀርቶ ትቶታል። አዛታዮፕሪን ለንቅለ ተከላ እንደሚሆን በእንስሳት ላይ ያሳዩት ሐኪሞች ናቸው። የሁሉንም ዝና ለአንድ ሰው መስጠት ልክ ነው?


የላብ ሰው

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እንዲያውም ፕሬዘንቴሽናችሁ ውስጥ ይግባ። ሼፈርን ስሙን ጥቀሱት። አሲክሎቪር እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን የታመመውን ሕዋስ ብቻ እንደሚነካ ደረጃ በደረጃ ያወጣው የኤሊየን ቡድን ነው። ሁለቱም ሥራ ነው። መድኃኒት አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት አያውቅም። ስለ ንቅለ ተከላውም እንዲሁ። ቦስተን ላይ ተመራማሪዎች ሜርካፕቶፑሪን የጥንቸልን የመከላከል አቅም እንደሚያዳክም አዩ። ከዚያ ሮይ ካልን የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም መድኃኒቱን ውሾች ላይ ሞከረ፣ የሜርካፕቶፑሪን ዘመድ የሆነውን አዛታዮፕሪንንም እንዲሞክር ከእነኤሊየን ተሰጠው። በ1962 ዘመድ ካልሆነ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በዚህ መድኃኒት ተይዞ ሠራ። እሷ የሠራችውን ሞለኪውል ለጠየቃት ሰው ትሰጥ ነበር፣ ትከታተለው ነበር። ይሄም ተጽዕኖ ነው፣ ግን ቁጥር አይወጣለትም።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ፣ ኤች ኢንዴክስን አንድ የፊዚክስ ሰው በ2005 ነው ያወጣው። ኤሊየን የሞተችው በ1999 ነው። በዚያ ላይ የመድኃኒት ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ኬሚስት ብዙው ሥራው ፓተንት ውስጥ ነው የሚቀረው። እሷ 45 ፓተንት ላይ ስሟ አለ። ከ200 በላይ ጽሑፍም አላት፣ ስለዚህ በቁጥርም ቢሆን አታንስም። ቁጥሩን እዩት፣ ግን ለምን ያ ቁጥር እንደወጣ ጠይቁ።


አዳማ ነኝ

ሁለተኛውን ጥያቄ የመለሰ ስላላየሁ ልግባበት። እዚህ ሆኖ ይቻላል ወይ ያልከውን።

ኬሊ ቺባሌን ፈልገህ አንብብ። የዛምቢያ ሰው ነው፣ መብራትና የቧንቧ ውሃ በሌለበት ያደገ። ዛምቢያ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተማረ፣ ፒኤችዲውን ካምብሪጅ ሠራ፣ ከዚያ ኬፕታውን ገብቶ በ2010 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሌሎቹም ዓመቶች እንዲሁ) ኤች3ዲ የሚባል የመድኃኒት ፍለጋ ማዕከል አቋቋመ። በ2012 ኤምኤምቪ048 የሚባል ለወባ የታሰበ ሞለኪውል ይፋ አደረጉ። ይሄ ሞለኪውል በሕመምተኞች ላይ የተሞከረው የት መሰለህ? እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። በኋላ በእንስሳት ላይ በታየ የደህንነት ችግር ምክንያት ቆመ፣ መድኃኒት ሆኖ አልወጣም። እኔ ግን እንደ ውድቀት አላየውም። አሁን በዚያ ማዕከል ውስጥ ሞለኪውል ሠርቶ እስከ ሰው ሙከራ ማድረስ የሚችሉ አፍሪካውያን ኬሚስቶች አሉ፣ ድሮ ያ ሰው ወደ ውጭ መሄድ ነበረበት።

የእኛንም አትርሳ። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የብልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች። ሺህ ሰው ያንን ወንዝ ተሻግሯል፣ እሱ ግን ቆም ብሎ ለምን ሞቱ አለ። ኬሚስት አልነበረም፣ ግን ከእንዶዱ የወጣው ንጥረ ነገር ለማቶክሲን ተብሎ በስሙ ተጠራ። በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት አገኙ። አንተም ሲዳማ ውስጥ ነህ ያለኸው፣ ዙሪያህ ያለው ዕፅዋት ቀላል አይደለም።

ሪአጀንት የለም ላልከው፣ ያማል፣ አውቀዋለሁ። ግን እስኪመጣ አትቀመጥ። ፐብኬምና ኬምብል የሚባሉ የሞለኪውል ማከማቻዎች በነፃ ይከፈታሉ። ኦቶዶክ ቪና የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ሞለኪውል ከፕሮቲን ጋር እንዴት እንደሚገጥም የሚያሳይ፣ እሱም በነፃ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ላብን አይተካም። ግን ላብ ስትገባ ምን እንደምትፈልግ አውቀህ ትገባለህ። እኔ አሎፑሪኖልን ራሱን ዛንቲን ኦክሲዴዝ ላይ ገጥሜ ያየሁት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዲግሪ በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤትና አርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ከአሁኑ አንብብ፣ ጽሑፋቸውን አይተህ ኢሜይል ጻፍላቸው።


የሐይቁ ልጅ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማታ ከካልኩሌተር ጋር ተደዋወልን፣ ተስማምተናል። ኤሊየንን እናቀርባለን። እሱ የቁጥሩንና አብረዋት የሠሩትን ሰዎች ክፍል ይዟል፣ ሼፈርም ሆርዊትዝም ይገባሉ። እኔ መርሆውን በብሎኬቱ ምሳሌ አቀርባለሁ፣ መምህር ምሳሌዎትን ስለወሰድኩ ይቅርታ። ቺባሌን መጨረሻ ላይ በሁለት ደቂቃ እናነሳዋለን።

ለአባቴም ነገርኩት። ኪኒኑን ያገኘችው ሴት ናት፣ በ15 ዓመቷ አያቷ በካንሰር ሲሞት አይታ ነው ኬሚስትሪ የገባችው አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ስሟን ጻፍልኝ» አለኝ። በእስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩለት።

እህት ፋርማሲስት፣ አንድ ላስቸግርሽ። መደርደሪያሽ ላይ ያልሻቸውን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶን ማግኘት ይቻላል? ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ደርድረን ልንጀምር አስበናል።


ፋርማሲስቷ

ይቻላል፣ ምን ችግር አለው። አሲክሎቪርና ባክትሪም አሁኑኑ አለኝ፣ አሎፑሪኖሉን የአባትህን ያዝ፣ ስሟ የተጻፈበትን። አዛታዮፕሪን እኔ ጋ የለም፣ ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛዬን እጠይቅልሃለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ በል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ሰው ይቀንሳል።